መልእክቱ የት ቀረ? የሕክምና መረጃ አስተላላፊ ሥርዓቶች ብልሽትና ጥገና ሲዳሰስ

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ ክፍል፣ ፋርማሲና ሒሳብ ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ ሶፍትዌር አይሠሩም። እያንዳንዱ ክፍል በየዘመኑ ከየኩባንያው የተገዛ የራሱ ፕሮግራም አለው። በእነዚህ መካከል መረጃ የሚያመላልሰው ባለሙያዎች ኢንተርፌስ ኤንጂን የሚሉት ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አስተላላፊ እንለዋለን። ሐኪም አያየውም፤ ታካሚም ስለመኖሩ አያውቅም። ዳሩ ግን ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ላቦራቶሪ የሚደርሰው፣ ውጤቱም ወደ ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አንድ ነው፦ አስተላላፊው ጤነኛ ነው የሚባለው መቼ ነው? አርባ ዓመት የሚጠጋ ልምድ ተከማችቷል፤ ባለሙያዎቹ ግን እስካሁን በአንድ አፍ አይናገሩም። ከፊሎቹ ሰርቨሩ ከበራ፣ ዲስኩ ካልሞላና ስህተት ካልተመዘገበ ሥርዓቱ ደህና ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጤንነቱ የሚለካው መልእክቱ የታሰበለት ሰው ዘንድ በመድረሱ ብቻ ነው ባዮች ናቸው። የጥገናው ዘዴም፣ የሚመደበው የሰው ኃይልም፣ ተጠያቂነቱም ከሁለቱ አንዱን በመያዝ የሚወሰን ስለሆነ ልዩነቱ እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። (በአዋጅ ቁጥሮችና በልደት ቀን ምሳሌው ላይ ካሉት በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሲምቦርግና ባልደረቦቻቸው፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ጋር ሆነው፣ የተለያየ ሥሪት ያላቸውን የሆስፒታል ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ማገናኘት እንደሚቻል አሳዩ። ያን ጊዜ ገበያው የሚለው ሌላ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሁሉንም ነገር ከአንድ ኩባንያ ይግዛ የሚል። በ1987 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ኤችኤል 7 የተባለውን የመለኪያ ድርጅት መሠረቱ። በስሙ ላይ ያለው ቁጥር ከኔትወርክ ሰባት እርከኖች የመጨረሻውን፣ ማለትም ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ያመለክታል። ድርጅቱ የደነገገው መልእክቱ ምን እንደሚል ነው እንጂ በምን ተጭኖ እንደሚሄድ አይደለም። ማጓጓዣው ለየሆስፒታሉ ውል ተተወ። ከዛሬዎቹ ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚበቅሉት ከዚህ ክፍተት ነው።

የመለኪያው ሁለተኛ ትውልድ በተከታታይ ወጣ፤ 2.3 በ1997፣ 2.5 በ2003፣ 2.5.1 በ2007። ጥንካሬውም ድክመቱም ልልነቱ ነው። ብዙው ነገር «ቢኖር ይግባ፣ ባይኖርም ይቅር» ተብሎ ስለተጻፈ ኩባንያዎች በቀላሉ ተቀበሉት። በዜድ የሚጀምሩ የራስ መስመሮችን መጨመርም ፈቀደ። ውጤቱ ሁለት ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት መለኪያ እንጠቀማለን እያሉ መልእክታቸው የማይመሳሰልበት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ይህን ልልነት በጥብቅ ሞዴል ሊያስተካክል ተነሥቶ በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እስከ መዋል ደረሰ፤ ሆኖም ለአብዛኛው ዓለም ከበደ። ከእሱ በሰፊው የተረፈው የሰነድ መለኪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ትውልድ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይሠራል።

አስተላላፊው የተፈለገው ልልነቱን ለማቻቻል ነው። አሥር ፕሮግራሞች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቀጥታ ይገናኙ ቢባል 45 ግንኙነት ይጠይቃል፤ ሁሉም ከአንድ ማዕከል ጋር ቢገናኙ አሥር ብቻ ይበቃል። ዳታጌትና ክሎቨርሊፍ የተባሉት አስተላላፊዎች የመጡት በዚህ ስሌት ነው። በ2006 በካሊፎርኒያ ያለ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ሚርዝ የተባለውን አስተላላፊ በነፃ ፈቃድ ሲለቅ ደግሞ ገንዘብ የሌላቸው ክሊኒኮችና የድሃ አገር ፕሮጀክቶችም ማዕከል ማቆም ቻሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ያልተቆጠረው የአደጋው መጠን ነው። አርባ አምስት ሽቦ ባለበት አንዱ ሲበጠስ ሁለት ክፍል ይጎዳል፤ ማዕከሉ ሲቆም ግን ሁሉም ይቆማል። በየካቲት 2024 በአሜሪካ የሕክምና ክፍያ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር በመረጃ አጋቾች ሲመታ የፋርማሲዎችና የሐኪሞች ክፍያ በመላ አገሪቱ ተስተጓጎለ፤ የ190 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃም ተነካ። ከሆስፒታል አስተላላፊ እጅግ የገዘፈ ነው፤ የመጠን ልዩነት ካልሆነ በቀር ግን ቅርጹ ያው ነው።

አንድ ውጤት ሲጓዝ

ክርክሮቹን ለመረዳት አንድ መልእክት ቀርቦ ማየት ይበቃል። አንድ ተኝቶ ታካሚ ፖታሲየሙ 6.8 ሆኖ ተገኘ እንበል፤ ልብን ሊያቆም የሚችል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሐኪም ማወቅ ያለበት ውጤት ነው። የላቦራቶሪው ፕሮግራም መልእክት ያዘጋጃል። የመጀመሪያው መስመር ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ ሰዓቱንና የመልእክቱን መለያ ቁጥር ይይዛል። ቀጥሎ የታካሚው መስመር፣ የትእዛዙ መስመር፣ በመጨረሻም 6.8 የተጻፈበት የውጤት መስመር ይመጣል። መልእክቱ በማይታዩ ምልክቶች ይታሸጋል፤ መጀመሪያው ላይ ባይት 11፣ መጨረሻው ላይ ባይት 28 እና 13። ከዚያ በኔትወርኩ ወደ አስተላላፊው ይላካል።

አስተላላፊው መልእክቱን ዳታቤዙ ላይ ይመዘግባል፤ በማጣሪያ ያሳልፈዋል፤ የላቦራቶሪውን የምርመራ ኮድ ሐኪሙ ወደሚጠቀምበት ፕሮግራም ኮድ ይለውጣል፤ ከዚያ ወደ መድረሻው ይልከዋል። ለላኪው ደግሞ ደረሰኝ ይመልሳል። ኤኤ ማለት ተቀብያለሁ ነው፤ ኤኢ ስህተት አለበት፤ ኤአር አልቀበልም። ኤኤ ካልመጣ ላኪው ይደግማል ወይም ያቆማል፤ ኤኤ ከመጣ ሥራውን እንደጨረሰ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ አስተላላፊዎች ደረሰኙን የሚሰጡት መልእክቱን እንደመዘገቡ፣ ገና ወደ መድረሻው ሳይልኩት ነው። ላቦራቶሪው «ተልኳል» የሚል ምልክት ያያል። በዚያ ቅጽበት ግን የፖታሲየሙ ውጤት ወረፋ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ጥሎት ሊሆን ይችላል፤ የታካሚው ካርድ ቁጥር በመድረሻው ስላልተገኘ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። መለኪያው ይህን ቀድሞ አይቶ ሁለት ዓይነት ደረሰኝ አበጅቶ ነበር፤ አንዱ «እጄ ገብቷል» የሚል፣ ሌላው «ሠርቼበታለሁ» የሚል። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን ደረሰኝ መጠበቅ ላኪው ፕሮግራም ላይ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ሦስተኛው እርከን፣ ውጤቱን ሐኪም ዓይቶታል ወይ የሚለው፣ ከደረሰኝ ሥርዓቱ ውጭ ነው።

ደረሰኙ ራሱ ቢጠፋስ? ተቀባዩ መልእክቱን መዝግቦ ደረሰኝ ሲልክ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፣ ላኪው አልደረሰም ብሎ ይደግማል። ተቀባዩ የመልእክቱን መለያ ቁጥር ካላመሳከረ አንድ የመድኃኒት ትእዛዝ ሁለት ይሆናል። «ከሚጠፋ ይደጋገም» የሚለው አቋም ለላቦራቶሪ ውጤት የሚያዋጣ ነው፤ ለመድኃኒት ትእዛዝ ግን አደገኛ ነው። አንድን ደንብ በሁሉም ቻናል (በአስተላላፊው ውስጥ ባለ የመልእክት መስመር) ላይ መጫን በጥገና ሥራ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ይመስለኛል።

የሚጮኽና የማይጮኽ ብልሽት

ስለ አስተላላፊ ጥገና የተጻፉ መመሪያዎች በብዛት የሚያወሩት ስለሚጮኹት ብልሽቶች ነው። ዲስክ ይሞላል፤ አሮጌ መልእክቶችን የሚያጸዳው ተግባር ስላልተከፈተ ዳታቤዙ አብጦ ሥርዓቱ በሙሉ ይቆማል። ሚርዝ ለሙከራ እንዲመች ከደርቢ ዳታቤዝ ጋር ይመጣል፤ ለእውነተኛ ሥራ ወደ ፖስትግሬስ ወይም መሰሉ መዛወር ሲገባው ሙከራው ሳይታወቅ ሥራ ይሆንና አንድ ቀን ይወድቃል። የማኅደረ ትውስታ (ሜሞሪ) እጥረትም አለ፤ የራጅ ዘገባ በፒዲኤፍ ተደርጎ በመልእክቱ ውስጥ ሲታሸግ መጠኑ በሲሶ ይጨምራል፣ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲመጡም አስተላላፊው ለሚሠራበት ጃቫ የተመደበው ማኅደረ ትውስታ አይበቃም። እነዚህ ሁሉ ከባድ ናቸው፤ ነገር ግን ራሳቸውን ይናገራሉ። ስልክ ይደወላል፣ ባለሙያ ይነሣል፣ ይጠገናል።

የማይጮኹት ሌላ ዓለም ናቸው። አንዱን እንይ። ሌሊት መልእክት ይቀንሳል። በመካከል ያለው ፋየርዎል ለረጅም ጊዜ ምንም ያላለፈበትን ግንኙነት ለሁለቱም ወገን ሳይነግር ይዘጋል። ላኪው ግንኙነቱ ክፍት ነው ብሎ ያምናል፤ ተቀባዩም እንዲሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ጠዋት የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ መልስ የለም፤ የመጠበቂያ ጊዜው ረጅም ከሆነ ከኋላው ወረፋው ይረዝማል። ቻናሉን አጥፍቶ ማብራት «ያስተካክለዋል»፤ ስለዚህ መንስኤው ሳይመረመር በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል። መፍትሔው ሕያው ነኝ የሚል ምልክት በየጊዜው መላክ ወይም ዝም ያለን ግንኙነት ራስ ቀድሞ መዝጋት ነው፤ ሁለቱም በደቂቃ የሚደረጉ ማስተካከያዎች ናቸው። አጥፍቶ ማብራትን እንደ ጥገና መቁጠር ግን ማስረጃውን ከብልሽቱ ጋር አብሮ መጣል ነው።

ከዚህ የሚከፋው ማጣሪያው ነው። አንድ ባለሙያ ከሦስት ዓመት በፊት «ከክፍል 4 የሚመጣ አይለፍ» ብሎ የጻፈው ደንብ፣ ሆስፒታሉ ክፍሎቹን እንደገና ሲሰይም ሌላ ክፍልን ማስቀረት ይጀምራል። በመዝገቡ ላይ መልእክቱ ስህተት አይደለም፤ «ተጣርቷል» ይላል። የስህተት ቁጥር ዜሮ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

የዝምታ ብልሽት ግምት ብቻ እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ በግልጽ የተመዘገበው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት ውስጥ ነው። በዋሺንግተን ግዛት ስፖኬን ያለው ማን-ግራንድስታፍ የሕክምና ማዕከል በጥቅምት 2020 አዲስ የታካሚ መዝገብ ሥርዓት ጀመረ። ሥርዓቱ መድረሻውን ሊለይ ያልቻለውን ትእዛዝ የሚያስቀምጥበት «ያልታወቀ ወረፋ» የሚባል ቦታ ነበረው። በሐምሌ 2022 የወጣው የመሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ ዘገባ እንዳረጋገጠው፣ እስከ ሰኔ 2021 ድረስ ከ11,000 በላይ የምርመራ፣ የሪፈርና የክትትል ትእዛዞች ወደዚያ ገብተው ቀሩ። ያዘዙት ሐኪሞች ምንም ምልክት አልደረሳቸውም፤ ተጠቃሚዎቹም ወረፋው ስለመኖሩ አልተነገራቸውም። ግምገማው 149 የጉዳት ክስተቶችን ለየ፤ ከእነዚህ አንዱ ከባድ ጉዳት ተብሎ ተመደበ።

ይህ ዘገባ በመግቢያው ለተጠቀሱት ለሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ሆኖ መጠቀሱ ያስገርማል። ማሽኑን የሚመለከቱት ሶፍትዌሩ የተነደፈውን በትክክል ሠርቷል ይላሉ፤ መድረሻ የሌለውን ትእዛዝ አልጣለም፣ አስቀምጦታል። ሰውን የሚመለከቱት ደግሞ ማንም የማያየው ቦታ ማስቀመጥ ከመጣል በምን ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ለእኔ የሁለተኞቹ ክርክር ይበረታል። የስህተት ማጠራቀሚያ ወረፋ ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው በስም ካልተመደበለት የጥገና መሣሪያ ሊባል አይችልም።

የማስረጃው ድንበርም መነገር አለበት። የስፖኬኑ ጉዳይ በአንድ ትልቅ የመዝገብ ሥርዓት ውስጥ የሆነ እንጂ በኢንተርፌስ ኤንጂን የተከሰተ አይደለም። በአስተላላፊ ብቻ የደረሰ ጉዳት ተለይቶ የሚመዘገብበት ልማድ እምብዛም የለም፤ ውጤት ሲዘገይ «ላቦራቶሪው አዘገየ» ተብሎ ይታለፋል።

ወረፋው ይቁም ወይስ ይለፍ?

በሙያው ውስጥ እጅግ የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ መልእክት መድረሻው ላይ ተቀባይነት ሲያጣ ከኋላው ያሉት ይጠብቁ ወይስ እሱ ወደ ጎን ተደርጎ ሌሎቹ ይለፉ?

ይቁም የሚሉት በቅደም ተከተል ያምናሉ። ታካሚው መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ከዚያ አድራሻው ይታረማል፣ ከዚያ ውጤት ይመጣል። የላቦራቶሪ ውጤትም ጊዜያዊ፣ የመጨረሻና የታረመ እየተባለ ይፈራረቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጊዜያዊው ውጤት ዘግይቶ ደርሶ የታረመውን ሊተካ ይችላል። እንዲህ ያለ ስህተት መዝገቡ ላይ እውነት መስሎ ስለሚቀመጥ ማንም አይጠረጥረውም።

ይለፍ የሚሉት ደግሞ በአንድ የተበላሸ መልእክት ምክንያት የመላው ሆስፒታል ውጤት ለሰዓታት ሲታገት ያዩ ናቸው። የአንድ ታካሚ ስም ውስጥ የገባ ያልተለመደ ምልክት የሌላ ታካሚ 6.8 ፖታሲየም እንዳይደርስ ማድረግ የለበትም ይላሉ።

መካከለኛው መንገድ ወረፋውን በታካሚ መከፋፈል ነው። ሚርዝን ጨምሮ አንዳንድ አስተላላፊዎች መልእክቶችን በካርድ ቁጥር ለይተው በትይዩ መስመሮች ያስኬዳሉ፤ የአንድ ሰው መልእክቶች በተራቸው ይሄዳሉ፣ የሌላው ግን አይታገትም። በአብዛኛው ይሠራል። የሚሰነጠቀው ሁለት ካርድ የወጣለትን አንድ ታካሚ በሚያዋህደው መልእክት ላይ ነው፤ በመለኪያው ኤ40 የሚባለው። ይህ መልእክት ሁለት የካርድ ቁጥሮችን ስለሚነካ በየትኛው መስመር እንደሚሰለፍ መልስ የለም። ውህደቱ ቀድሞ ካለፈ በአሮጌው ቁጥር ገና በመንገድ ላይ ያለው ውጤት ባለቤት ያጣል። አንዳንዶች ለውህደት ብቻ ሁሉንም መስመር ለአፍታ ያቆማሉ፤ ሌሎች የአሮጌና አዲስ ቁጥሮች ሰንጠረዥ በአስተላላፊው ውስጥ ይይዛሉ። የኋለኛው ደግሞ ሌላ ጠብ ይቀሰቅሳል፤ አስተላላፊው የታካሚ መዝገብ መያዝ ከጀመረ ከማስተላለፍ አልፎ ራሱ የመረጃ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው እንደገና የመላክ ጉዳይ ነው። የቀሩትን መልእክቶች ምረጥና ድገም የሚለው ቁልፍ በየአስተላላፊው አለ፤ በጭንቀት ሰዓት ደግሞ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። የትናንቱን የአድራሻ ለውጥ ዛሬ መድገም ግን ዛሬ ጠዋት የታረመውን ያጠፋል። ከመድገም በፊት ለዚያው ታካሚ ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰ ማየት ግዴታ መሆን አለበት።

ዝምታን መለካት

ስህተት ሲከሰት የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ማበጀት ቀላል ነው። መልእክት ሳይመጣ ሲቀር የሚያስጠነቅቅ ማበጀት ግን መጠበቅ ያለበትን ማወቅ ይጠይቃል። ላቦራቶሪው ጠዋት በሦስት ሰዓት በደቂቃ ብዙ ውጤት ይልካል፤ እሑድ ሌሊት አንድም ላይልክ ይችላል። ለሁለቱም አንድ ገደብ ማስቀመጥ ወይ ሌሊቱን ሙሉ የሐሰት ማንቂያ ያስከትላል፤ ወይም የጠዋቱን መቋረጥ ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ቡድኖች ለየቻናሉ በሰዓትና በቀን የሚለያይ ገደብ ያበጃሉ።

የማንቂያ መብዛት ራሱ አደጋ መሆኑ በሌላ የሆስፒታል ዘርፍ ተጠንቷል። የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ስለ አልጋ ዳር መሣሪያዎች ባወጣው ማሳሰቢያ ከማንቂያ ድምፆቹ ከ85 እስከ 99 በመቶው የሕክምና እርምጃ እንደማይጠይቁ ጠቅሷል። ቁጥሩን ቀጥታ ወደ አስተላላፊ መገልበጥ አይቻልም፤ ዘዴው ግን ይመሳሰላል። በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ማንቂያ የሚደርሰው ባለሙያ ውሎ አድሮ ኢሜይሉን ወደ ማይከፈት ፎልደር ያዛውረዋል።

ሌላው መንገድ በቀኑ መጨረሻ ማስታረቅ ነው። ላቦራቶሪው ዛሬ ስንት ውጤት አጸደቀ፣ የሐኪሙ መዝገብ ውስጥስ ስንት ገባ ብሎ ሁለቱን ማመሳከር። ሒሳብ ክፍል ይህን ሁልጊዜ ያደርገዋል። በሕክምና መረጃ ላይ ግን ብርቅ ነው፤ እንደማየው ምክንያቱ የቴክኒክ ሳይሆን የባለቤትነት ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የማየት ሥልጣን ያለው ሰው የለም።

ማስቀመጥና ማጥፋት

ብልሽት የሚፈልግ ባለሙያ የመልእክቱን ሙሉ ይዘት፣ ከመለወጡ በፊትና በኋላ፣ ለወራት እንዲቀመጥለት ይመኛል። የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው ደግሞ በአስተላላፊው ውስጥ የተከማቸ የኤችአይቪ ውጤት ማንም ያልጠበቀው ሁለተኛ የታካሚ መዝገብ እንደሆነ ያያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጥያቄው የሕግ ጥያቄም ሆኗል። በተግባር የሚሠራው ይዘቱን ለአጭር ጊዜ፣ ጉዞውን የሚናገረውን ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ሁኔታውን ለረጅም ጊዜ መያዝ ነው። ብዙ ቦታ ግን የዲስኩ ስፋት ነው የሚወስነው።

ማደስ ወይስ አለመንካት?

የሚሠራን ነገር አትንካ የሚለው አቋም በሆስፒታል ሥር የሰደደ ነው፤ ምክንያትም አለው። አዲስ ስሪት ሲጫን በመቶ የሚቆጠሩ ቻናሎች እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ለፈተናው የሚሆን ሁለተኛ ሰርቨር ደግሞ ብዙ ቦታ የለም።

በጥቅምት 2023 ግን ይህ አቋም ተፈተነ። የደህንነት ተመራማሪዎች በሚርዝ ውስጥ ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ከሩቅ የፈለገውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም የሚችልበት ቀዳዳ አገኙ፤ ክብደቱ ከ10 በ9.8 ተገመተ። ቀደም ሲል ለተመሳሳይ ችግር በ4.4.0 የወጣው ማስተካከያ የተከለከሉትን በስም የሚዘረዝር ስለነበር ሊታለፍ የሚችል ነበር፤ 4.4.1 የተፈቀዱትን ብቻ በመዘርዘር ዘጋው። በግንቦት 2024 የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ቀዳዳውን በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። መልእክቱን ሁሉ የሚያይ፣ ከሁሉም ጋር የሚገናኝ ሰርቨር ሳይታደስ ማቆየት ከዚያ ወዲህ «ጥንቃቄ» ሊባል አይችልም።

ሌላው ጥያቄ የፈቃድ ነው። በመጋቢት 2025 የሚርዝ ባለቤት ኔክስትጄን ከ4.6 ጀምሮ ሶፍትዌሩ በክፍያ ብቻ እንደሚቀርብ አስታወቀ፤ በነፃ ፈቃድ የወጣው የመጨረሻው 4.5.2 ሆነ። ከዚያ ኮድ ኦፕን ኢንቴግሬሽን ኤንጂንና ብሪጅሊንክ የተባሉ ቅርንጫፎች ወጡ። አንዱ ወገን ክፍያው ቀጣይ ጥገናን ያረጋግጣል ይላል። ሌላው ነፃ ኮድ ባይኖር ኖሮ ቅርንጫፎቹም አይኖሩም ነበር፣ ተጠቃሚውም ምርጫ አያገኝም ነበር ሲል ይመልሳል። እስካሁን የማይታወቀው ቅርንጫፎቹ የሚቀጥለውን 9.8 ቀዳዳ በምን ፍጥነት እንደሚደፍኑ ነው። የመሸጋገሪያው ዋጋ የሚወሰነውም በፈቃዱ ብቻ አይደለም። በየቻናሉ ውስጥ በጃቫስክሪፕት የተጻፈው የመለወጫ ደንብ ከአስተላላፊው ውጭ በስሪት ቁጥጥር ካልተቀመጠ፣ ማን ለምን እንደጻፈውም ካልተመዘገበ፣ የነባሩ ባለሙያ መልቀቅ ከማንኛውም የፈቃድ ለውጥ በላይ ይጎዳል።

ስም፣ ቀንና ፊደል

የመለኪያው ግምቶች ከኢትዮጵያ ኑሮ ጋር ሲጋጩ የዝምታ ብልሽት ይበዛል። ቀንን እንውሰድ። ኤችኤል 7 ቀን የሚቀበለው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ካርድ ክፍል የሕፃኑን ልደት ጳጉሜን 3 ብሎ ካስገባና ካልተለወጠ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ተቀባዩ ይጮኻል፤ ይህ መልካም ነው። ኅዳር 5 ቀን 2010 ከሆነ ግን 5/3/2010 ተብሎ ያለ ምንም ተቃውሞ ያልፋል። በእርግጥ የተወለደው በኖቬምበር 14 ቀን 2017 ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን የማርች 2010 ልጅ ይሆናል። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አረጀ ማለት ነው፤ የላቦራቶሪው መደበኛ መጠንም ለተሳሳተ ዕድሜ ይወጣለታል። ከንጋት የሚቆጠረው ሰዓታችንም ተመሳሳይ የስድስት ሰዓት ወጥመድ አለው።

የስም ፊልዱ የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል፣ ከዚያ የራስን ስም። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን። አንዱ ተቋም የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲያስገባ አንድ ሰው ሁለት ታካሚ ይሆናል፤ አዲስ አበባም ሆነ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፀሐይና ጸሃይ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከማመሳከር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ ዩቲኤፍ-8 ላይ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር 18ኛው ቦታ ላይ የፊደል ዓይነቱ ካልተጠቀሰ ተቀባዩ ወደ ራሱ ነባሪ ይሄዳል፤ «አልማዝ» ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆና ትገባለች፣ ደረሰኙም ኤኤ ይላል።

መፍትሔው ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው ሁሉም ነገር በአስተላላፊው ይለወጥ ይላል፤ ደንቡ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ለማረም ይቀላል። ሌላው ቀንን መለወጥ ያለበት መረጃው የተመዘገበበት ፕሮግራም ነው ባይ ነው፤ ምክንያቱም 5/3/2010 የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በቀን ጉዳይ ሁለተኛው ትክክል ይመስለኛል፤ አስተላላፊው ከመገመት በቀር መንገድ የለውም። የስም ጉዳይ ግን በፕሮግራሞቹ ብቻ አይፈታም፤ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ ከካርድ ቁጥር ጋር ሲተሳሰር የማመሳከሩን ሸክም ሊያቀል ይችላል፤ ሳይመዘገብ ለሚመጣ ታካሚና ለአራስ ሕፃን ግን የስም ማመሳከር ይቀጥላል።

አዲሱ መለኪያና አሮጌው ጥያቄ

በ2011 አውስትራሊያዊው ግሬም ግሪቭ ሐሳቡን ያቀረቡት ፋየር የተባለው መለኪያ፣ መረጃን በመላክ ፋንታ በመጠየቅ ላይ ይመሠረታል፤ የሐኪሙ ፕሮግራም ውጤቱን በፈለገው ጊዜ ከምንጩ ያነባል። ደጋፊዎቹ አስተላላፊው ቀስ በቀስ አላስፈላጊ ይሆናል ይላሉ። በከፊል እውነት ነው፤ የተጠየቀው ሥርዓት ከወደቀ ጠያቂው ወዲያው ያውቃል፣ ዝምታም የለም። በአፍሪካም ከሩዋንዳ ልምድ ተነሥቶ ያደገው የኦፕንኤችአይኢ ንድፍ በዚህ አቅጣጫ ይሄዳል፤ በማዕከሉ ያለው ኦፕንኤችአይኤም ጥያቄዎችን የሚያሳልፍና የሚመዘግብ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ግን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ መረጃው ተከማችቶ መስመር ሲመጣ መላክ አለበት፣ ወረፋውም ከነጥያቄዎቹ ይመለሳል።

የ6.8 ፖታሲየም ዓይነት ውጤትም እስኪጠየቅ አይጠበቅም፤ መገፋት አለበት። ፋየር ለዚህ የማሳወቂያ ምዝገባ አበጅቷል፤ በ2023 የወጣው አምስተኛው ስሪት ለየማሳወቂያው ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። ተቀባዩ ከ41 በኋላ 43 ሲያይ 42 እንደቀረበት ያውቃል፤ ምንም በማይላክበት ጊዜም ሕያው ነኝ የሚል ምልክት መጠየቅ ይችላል። በሁለተኛው ትውልድ ኤችኤል 7ም ለተከታታይ ቁጥር የተመደበ ቦታ በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር 13ኛው ፊልድ ላይ ከድሮ ጀምሮ አለ። በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች መልእክቶች ውስጥ ይህ ቦታ ባዶ ነው።